ሳጥኖቹን የሚይዝ ላሜራ

አሰላ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእንደሻው ወልደ ጊዮርጊስ
ሻርጃ

ይህ ወረቀት ማሽኖቹ በቆሙበት፣ ጆሮህም ባረፈበት ሰዓት እጅህ ይግባ። በሰው አገር ስትወጣም ስትገባም እመቤታችን ከአጠገብህ አትራቅ። እኛ በቤታችን ደህና ነን። አባትህ ጋሼም ደህና ናቸው፤ የዓይናቸውን ነገር ወደ ታች እጽፍልሃለሁ።

የላክሃቸውን የመሣሪያ ሳጥኖች ሰኢድ ከነማሸጊያቸው አደረሰልን። ሰኢድን ታውቀዋለህ፣ ያ የሳጉሬው ባለኮምባይነር፣ እናንተ ዘንድ ለመለዋወጫ የሚመላለሰው። «ፕላስቲክ ነው ብዬ ንቄው ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ከመኪና ወደቀ፣ እኔ ደነገጥኩ እንጂ እሱ ምንም አልሆነም» አለ። ጋሼ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው አንዱን በሌላው ላይ እየደረቡ ጠቅ ብሎ ሲቆለፍ ያዳምጣሉ። «የወጣበትን በር ዘግቶ የማያውቅ ልጅ ዛሬ የሚቆለፍ ነገር ይላክልኝ?» ብለው ሳቁ። ኪያቤው ባንዱ፣ ካቻቢቴውና ፒንሳው ባንዱ፣ መለዋወጫው፣ ኩሽኔታና ቺንጋው፣ በትልቁ ገባ። ዕድሜ ይስጥህ።

ችግሩ መኪናው ላይ ነው። ሳጥኖቹ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ እንጂ ከፒክአፑ ጋር የሚያያይዛቸው ነገር የለም። ባለፈው ጋሼ ወደ ጢቾ ኮምባይነር ሊሠሩ ሲሄዱ በገመድ አስረዋቸው ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ተያይዘው ተንሸራተቱና አንዱ እጀታው ተሰበረ። በያጁ ባንተአምላክ «የብረት ቀፎ ሠርቼ እከታቸውና ቀፎውን ከመኪናው ጋር እበይደዋለሁ» አለ። ጋሼ «ኮምባይነሩ ማሳ መሃል ሲቆም ሳጥኑን ተሸክሜ ልሂድ ወይስ መኪናውን?» ብለው መለሱት። ሰኢድ ግን ከመኪናው ወለል ጋር በቡሎን የሚታሰር፣ ሳጥኑ ከላይ ነክሶት የሚቆለፍበት፣ ሲፈለግ የሚለቀው ወፍራም ላሜራ እዚያ እንዳለ ነገረን። የቱ እንደሚሆነን አንተ ምረጥልን።

እስከዚህ ያለውን ያስጻፉኝ ጋሼ ናቸው። የሚቀጥለው የኔ ነው።

ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለ። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን፣ ስለሚመጣው ዓመት ግን ቃል አልገባም አለ። አሁን ፊት ለፊት ያለውን ያያሉ፣ ጎናቸውን አያዩም፤ በቧንቧ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ናቸው። ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆምላቸው ፊቱን ይለያሉ። አንተ ከሄድክ አሥራ አንድ ዓመትህ ነው። አክስቴ፣ እናትህ፣ በሕይወት ብትኖር ይህን እሷ ትጽፍልህ ነበር። ፊትህን ሊያዩ ይፈልጋሉ። በአፋቸው የሚሉት «እጅ ጎደለኝ፣ መጥቶ አብሮኝ ይሥራ» ነው። ያው ነው። ከሚመጣው አጨዳ ሳታልፍ ና።

እህትህ ውድነሽ



ሻርጃ፣ ሰኔ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ውድነሽ

የአርሲ ክረምት መግባቱን ሰማይ ሳላይ አውቀዋለሁ። ጣራው የማያፈስ፣ ምድጃው የማይቀዘቅዝ ቤት ያድርግላችሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጆሮዬ ግን አልተመለሰም። ከመቁረጫው ማሽን አጠገብ ስቆም ኖሬ አሁን ስልክ ሳነሳ የሰው ድምፅ ወፍጮ ቤት ውስጥ የሚያወሩ ያህል ነው የሚሆንብኝ። ያንቺም ስልክ የአማርኛ ፊደል አይቀበልም። እንደጀመርሽው በወረቀት ጻፊልኝ።

ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰኝ፤ ሰኢድ ጉዞው ተራዝሞበት ነበር። ክፍላችን ውስጥ ስምንት ሰዎች ነን። ሰው ለብቻው የሚሆንበት ቦታ መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ስለሆነ እዚያ ገብቼ አነበብኩት። ውጪ ያለው ልጅ በሩን ሲደበድብ እንደገና ከላይ ጀምሬ ነበር።

ወደ ላሜራው ልመለስ። ይህ እንጀራዬ ነው፤ ወርክሾፓችን ለጥገና መኪኖች መደርደሪያና ሳጥን ይገጥማል። አሉሚኒየም አለ፤ ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ሲያዩትም ያምራል። አስፋልት ላይ ለሚውል ሰው እሰጠዋለሁ። ለጢቾ መንገድ ግን አልሰጥም፤ ድንጋይ ላይ ሲንቀጠቀጥ ሳጥኑ የሚነክስበት ጥርስ ቶሎ ይበላል። እንደ መሳቢያ በሐዲድ ወደ ውጪ የሚጎተትም አለ። ለሠርግ ቢሆን እሱን እመርጥ ነበር፣ ግን አቧራ አይወድም። ከዚያ ወፍራሙ ብረት ነው፣ ሦስት ሚሊ፣ ቀለሙ በሙቀት የተጋገረ። ሲያስቀምጡት መሬቱ ይሰማዋል። ኪያቤ የሞላበት ሳጥን ተደራርቦ ቢጫንበት አይታጠፍም። ልቤ ወደ እሱ ነው።

ብረቱን ከመምረጤ በፊት ግን የሚጠቀምበትን ሰው ማወቅ አለብኝ። እዚህ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምንለካው እሱን ነው፤ መኪናው ቀጥሎ ይለካል። አባባ ሳጥኑን የሚያነሳው ከኋላ ነው ከጎን? እጁ እስከ የት ይደርሳል? ባንድ ጊዜ ስንት ሳጥን ያነሳል? ጠይቂውና ጻፊልኝ። ላሜራው አንዴ ከታሰረ በኋላ ቦታ መለወጥ ወለሉን ወንፊት ማድረግ ነው።

በሰው አልልከውም። ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ለአለቃዬ «ከኅዳር በኋላ አልኖርም» ብዬዋለሁ። አባባ ከላይ ቡሎኑን ይይዝልኛል፣ እኔ መኪናው ሥር ገብቼ ዳዶውን አጠብቃለሁ። ፊቴ እንደሆነ ተለውጧል፣ ፀጉሬም ሳስቷል፤ አይቶ እንዳይስቅብኝ ከወዲሁ አስጠንቅቂው።

ታናሽሽ እንደሻው



አሰላ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእንደሻው

ያሰብከውን ሳያጎድል የሚያስፈጽም አምላክ መንገድህን ያቅናልህ። ደብዳቤህን ለጋሼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ከኅዳር በኋላ አልኖርም» የሚለው ላይ ስደርስ «እስቲ መልሺው» ይሉኛል፣ እመልሰዋለሁ፣ እንደገና «እስቲ» ይላሉ። ፀጉርህ መሳሳቱን ስነግራቸው ደግሞ «ከእናቱ ወገን ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» አሉ። ባርኔጣቸውን ሰው ፊት ካወለቁ ብዙ ዘመን ስለሆነ የሚከራከራቸው አልተገኘም።

ሰፈሩ ሁሉ አውቋል። ባንተአምላክ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «አንድ ነጥብ ብየዳ እንኳ አታስቀሩልኝም?» ይላል።

ወፍራሙ ብረት ይሁን ብለዋል። መሳቢያውን አልፈለጉትም፤ «ሐዲዱን ስጠርግ ልውል ነው?» አሉ። አንድ ነገር ግን ተመልከትልን። ኮምባይነር ሲያጭድ ገለባው እንደ ካፊያ ነው የሚወርደው። የጠዋት ጠል ሲያገኘው እንደ ጭቃ ይጋገራል። ላሜራው ሳጥኑን የሚይዝበት ቦታ ሥሩ ድፍን ከሆነ ገለባው እዚያ ይጠቀጠቅና ሳጥኑ የተቆለፈ ይመስላል እንጂ አይቆለፍም። ሥሩ ክፍት ይሁን፣ ገለባው ወደ ታች ይውደቅ።

ስለጠየቅኸው ነገር፣ ሳጥኑ የሚነሳው ከግራ ጎን ነው፤ የኋላው በር ማጠፊያው ስለታመመ እምብዛም አይከፈትም። የመኪናው የጭነት ካሶኒ ጠርዝ ደረት ላይ ይደርሳል። ክንድ ሲዘረጋ እስከ መሃል ስለማይደርስ ላሜራው ወደ ግራው ጠርዝ ይጠጋ። ሳጥን የሚነሳው አንድ አንዱ ነው፣ ሁለት ከሆነ ወገብ ይይዛል። መልቀቂያው በአውራ ጣት ብቻ የሚከፈት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሌላው እጅ ሁልጊዜ ቅባት ነው።

ዓይናቸው ከሚያዝያው ቀንሷል። ትናንት ድምፅ ሳላሰማ በሩ ላይ ቆምኩ። ሰው መኖሩን አወቁ። እኔ መሆኔን ግን «ጋሼ» እስክላቸው አላወቁም። ይህን አላስጻፉኝም፣ አንተም እንዳላወቅህ ሁን። ብቻ እንዳትዘገይ።

እህትህ ውድነሽ



ሻርጃ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ውድነሽ

ከክረምቱ ጨለማ ወደ መስከረም ብርሃን ያሻገራችሁ እግዚአብሔር ዓመቱን ሙሉ ከእናንተ ጋር ይሁን።

ደብዳቤሽን ያመጣልኝ ራሱ ሰኢድ ነው። ሻይ አዝዤለት ፊት ለፊቱ ማንበብ ጀመርኩ። የለካሽልኝን ሳነብ ግራ ገባኝ። እኔ የማውቀው አባባ የካሶኒው ጠርዝ ላይ ክርኑን ደግፎ የሚያወራ ሰው ነው።

«ሰኢድ፣ አባባ ይህን ያህል አጥሯል እንዴ? ጠርዙ ደረት ላይ ይደርሳል ትላለች» አልኩት።

ሳቀ። ለኔ ጆሮ እንኳ ተሰማ። «ወላሂ፣ አንተ ሰው! የማንን ደረት ነው የምትለካው? የእትዬ ውድነሽን ነዋ!»

«እትዬ እዚያ ምን ታደርጋለች?»

«ምን ታደርጋለች ይለኛል! ኮምባይነሩ ሆድ ውስጥ ገብታ እግሯ ብቻ ነው የሚታየን። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ የካቻቢቴውን ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ‹የታችኛው ኩሽኔታ ነው› ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእሷ ነው። ከአርቦዬ እስከ ጢቾ ያልሰማ ባለኮምባይነር የለም። ያልሰማኸው አንተ ብቻ ነህ።» ከዚያ ጆሮዬን አየና አፍሮ ወደ ሻዩ አቀረቀረ።

መጀመሪያ ተናደድኩብሽ። በኋላ ግን ልጅነታችን መጣብኝ። እኔ ደብተር ይዤ ትምህርት ቤት ስሄድ አንቺ ስኳር ከተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ፊደል ትለይ ነበር። አባባ የጣለውን የተቀደደ የማሽን መመሪያ ገጽ ከዘይቱ እየጠረግሽ ስታነቢ አይቼሻለሁ። ያን ጊዜ እስቅብሽ ነበር።

ነገሩን ሳስበው ይህ ነው። አባባ ያለው አንድ መኪና ነው። እኔ ስመጣ ሰው ሁሉ «ልጁ መጣ» ይላል። አንቺም ቁልፉን አምጥተሽ በእጄ ታስቀምጪልኛለሽ፤ አንድ ቃል አትናገሪም፣ አውቅሻለሁ። ከዚያ ወጥ ቤት ትመለሻለሽ። የደበቅሽኝም ይህን ፈርተሽ መሰለኝ። አልፈርድብሽም።

ስለዚህ አልመጣም። ለአለቃዬ ሐሳቤን መለወጤን ነገርኩት፤ የሁለት ዓመት ውል እያዘጋጀ ነው፣ በኅዳር መጨረሻ እፈርማለሁ። አባባን በመሃል ፈቃድ ወስጄ አየዋለሁ። እንዴት እንደምትነግሪው አንቺ ታውቂበታለሽ።

ላሜራዎቹን ለሰኢድ ሰጥቻለሁ። ወፍራሙ ብረት ነው፣ ሥሩ ክፍት፣ በአውራ ጣት የሚለቅ። ከግራው ጠርዝ አንድ መዳፍ አስገብተሽ እሠሪው። ለአንቺ ቁመት ነው የመረጥኩት።

ታናሽሽ እንደሻው



አሰላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእንደሻው

ሰላም ላንተ ይሁን። ረጅሙ ሰላምታ ዛሬ ከብዕሬ አልወጣ አለኝ፣ አትቀየመኝ።

ሰኢድ የነገረህ እውነት ነው። የደበቅኩህ ግን አንተ በገመትከው ምክንያት አይደለም። አባትህ «እጅ ጎደለኝ በይው» ሲሉኝ እጅ እንዳልጎደላቸው ብታውቅ ትረጋጋለህ ብዬ ፈራሁ። ከተረጋጋህ ትቆያለህ። ስለዚህ ራሴን ከደብዳቤው አወጣሁት። «ሠራን» ሲሉኝ «ሠሩ» ብዬ እጽፍልህ ነበር። እንድትመጣ ብዬ የሸፈንኩት ነገር ሲገለጥ አስቀረህ። ይህን ከየት ልጀምር ብዬ ማሰብ ነው የከበደኝ።

ሁሉንም ልንገርህ። አንዳንድ ጠዋት መኪናውን ሳስነሳ «ባይመጣስ?» ብዬ አላውቅም አልልህም። ብያለሁ። ሞተሩ እስኪሞቅ የሚቆይ ሐሳብ ነው። ጋሼ ፊትህን ከሚያዩበት ቀን ጋር የሚለወጥ ግን አይደለም። ቁልፉንም በእጅህ አስቀምጥ ነበር፣ ልክ ነህ። ግን ወጥ ቤት የምመለስ ለምን መሰለህ? አምና ሳጉሬና አርቦዬ ባንድ ቀን ሲጠሩን አርቦዬን አንችልም ብለን መልሰናል። አንዱ ሥር ሲገባ ሌላው ከላይ ይይዛል። ጋሼ ቡሎን መያዝ አቅቷቸዋል፣ ሲወድቅባቸው የት እንደወደቀ አያዩትም።

እንደማትመጣ አልነገርኳቸውም። ጢማቸውን መላጨት የተዉ ሰውዬ ባለፈው እሑድ «ባንተአምላክ ይምጣና ይላጨኝ፣ ኅዳር ደረሰ» አሉኝ። በመስኮቱ ብርሃን ፊት ተቀምጠው እጃቸውን ዘርግተው እስከምን ያህል ርቀት እንደሚያዩ ይሞክራሉ። በየቀኑ እጃቸው ወደ ፊታቸው ይቀርባል።

ሰኢድ ደብዳቤህን ሳነብ ፊቴን አይቶ «እትዬ፣ በኔ ስልክ ሁለት ቃል ልጻፍለት፣ አሁኑኑ ይድረሰዋል» አለኝ። የቤታችንን ጉዳይ በሰው ጣት ማስጻፍ አፈርኩ። «ራሴ እጽፍለታለሁ» አልኩት። የጎረቤታችን ልጅ ሃኒ በሚመጣው ሳምንት ወደ እናንተ ትበራለች፣ በእጅህ እንድትሰጥህ አደራ ብያታለሁ። ከኅዳር መጨረሻ በፊት ይደርስሃል።

እንዳትፈርም። ላሜራዎቹ ከነወረቀታቸው አልጋዬ ሥር ናቸው፣ አልገጠምኳቸውም። ይህን አጨዳ በገመድ እወጣዋለሁ። አንተ መጥተህ ትገጥማቸዋለህ።

ና፣ ወንድሜ።

ውድነሽ



ሻርጃ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ውድነሽ

ለጥምቀቱ እንኳን አደረሳችሁ። ይህን ስጽፍ ታቦቱ ሲወጣ የምትለብሱት ነጭ ታየኝ፤ በጤና ልበሱት።

ሃኒ ከትናንት ወዲያ መጣች። ቪዛዋ ዘግይቶ አዲስ አበባ ዘመዶቿ ጋ ስትጠብቅ ከርማለች። ደብዳቤሽም ሻንጣዋ ኪስ ውስጥ አብሯት ከርሟል። «በፖስታ ወይም በሰው ልላከው አላልሽም?» አልኳት። «እትዬ ውድነሽ በእጁ ስጪው ስላለችኝ ለማንም አልሰጠሁም» አለችኝ። ምን ብዬ ልቆጣት? አደራዋን ጠብቃለች።

ፈርሜአለሁ እትዬ። ኅዳር ሲያልቅ ነው የፈረምኩት። ስፈርም ለአንቺ ደግ ነገር ያደረግኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን የሚያቃጥለኝ እሱ ደስታዬ ነው።

ትናንት አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅኩት። በአዲሱ ውል ዓመት ሳይሞላ ፈቃድ የለም አለኝ። ጥሎ መሄድ ይቻላል፤ የሚከለክለኝ ሰንሰለት የለም። ጥዬ ብሄድ ግን ሥራውን አጣለሁ፣ በዚህ ጆሮዬ ሌላ ቦታ የሚቀጥረኝም አላገኝም። ሌሊት ሰባቱ ሰዎች ተኝተው እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ «ነገ ሻንጣዬን አስራለሁ» አልኩ። ሲነጋ ተነስቼ ወደ ሥራ ሄድኩ። ይህን ለማንም አልነግርም፣ ለአንቺ ግን ልዋሽ አልችልም። ፈራሁ። ባዶ እጄን፣ ጆሮዬን አጥቼ፣ ዓይኑን ያጣ አባቴ ፊት መቆም ፈራሁ። ምን እንነጋገራለን? እሱ አያየኝም፣ እኔ አልሰማውም።

ጠብታውን አታቋርጡበት። እስከሚቀጥለው ጥር ድረስ ትንሽ ብትቀርለት ይበቃኛል።

ላሜራዎቹን ግጠሚያቸው። እባክሽ ከአልጋ ሥር አውጪልኝ።

እንደሻው



አሰላ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእንደሻው

ዐቢይ ጾም ገብቷል። የምትጾመውን እግዚአብሔር ይቀበልልህ፤ ያልጾምከውንም ሠራተኛ ነህና ይቅር ይበልህ። እኔ ደህና ነኝ።

ለጋሼ ነገርኳቸው። «ፈረመ?» አሉ። «ፈረመ» አልኳቸው። «ከፈረመማ ይሥራ» አሉና ስለ መኪናው ዘይት ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ ጠብታውን ካላስታወስኳቸው ራሳቸው አይጠይቁም። በሰዓቱ አደርግላቸዋለሁ፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይጠብቃሉ፣ እምቢ አይሉም። አሁን የሚያውቁት ብርሃኑ በየት በኩል እንዳለ ብቻ ነው። ሐኪሙ ፊቱ ላይ ምንም አላሳየም፣ ግን «አይዟችሁ» ማለቱን ትቷል። ትንሽ ብትቀር ብለሃል። እንዳትጠብቅ ብዬ እጽፍልሃለሁ እንጂ ላሳዝንህ አይደለም።

አንተ ፈራሁ ብለሃል። እኔም በሰኢድ ስልክ ሁለት ቃል ማስጻፍ አፈርኩ። «አትፈርም፣ ና» ለማለት የሚያሳፍር ምን ነበረበት? ሰኢድ እስከዛሬ አንድም ቀን አላነሳብኝም። አንስቶብኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ጋሼ ቅዳሴ በዋሉበት ቀን ላሜራዎቹን ገጠምኳቸው። መብራት ስላልነበረ ቀዳዳዎቹን የበሳሁት በእጅ በሚዞር ትራፓኖ ነው። የአንደኛው ላሜራ አንድ ቀዳዳ ከወለሉ ሥር ካለው አግዳሚ ብረት ጋር ተጋጨ፣ ቡሎኑ አላልፍ አለ። ከጎኑ ሌላ ቀዳዳ በሳሁለት። ብረትህ ጠንካራ ነው፣ ብዙ ለፋሁበት። ትንሽ ሞላላ ወጣች፣ በሞረድ አስተካከልኳት። ባንተአምላክ ከታች ዳዶውን ያዘልኝ፤ «አሁን እኔም ሥራው ውስጥ አለሁበት» እያለ ነው። ሳጥኖቹ ተቀምጠው ጠቅ አሉ። ቁመቱ ልክ ነው። እጄን ስዘረጋ መልቀቂያው አውራ ጣቴ ሥር ነው የሚመጣው። ያን ስታውቀው ደስ ይበልህ ብዬ ነው።

ትናንት ሳጉሬ ሄድን። የሰኢድ ኮምባይነር እስከሚመጣው አጨዳ ከመቆሙ በፊት ተፈትሾ ይጽዳ ተባለ። በመንገዱ ሁሉ ከኋላ ድምፅ አልተሰማም። ጋሼ ሳጉሬ ስንደርስ ነው ነገሩን ልብ ያሉት። «ሳጥኖቹን ረሳሻቸው እንዴ?» አሉኝ።

«ኋላ ናቸው ጋሼ። የእንደሻው ላሜራ ላይ።»

ወርደው በመኪናው ግራ ጎን ዞሩ፤ ጠርዙ ላይ ክርናቸውን ደገፉ፣ አንተ እንደምታውቃቸው። ሳጥኖቹን አንስቼ ላሜራውን ባዶ አደረግኩላቸው። በጣታቸው ዙሪያውን ሄዱበት።

«ጥሩ ብረት ነው» አሉ። «ግን ማሽን ነው የቆረጠው። ጠርዙ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። የሱ እጅ አልነካውም።»

ሰኢድ ከወዲያ ሆኖ «ጋሼ፣ ዛሬ በእጅ የሚቆርጥ ማን አለ?» አላቸው። ጣታቸው ሲሄድ ሲሄድ እኔ የበሳኋት ቀዳዳ ጋ ደረሰ። ቆመ።

«ይቺን ግን ሰው ነው የበሳት» አሉ። ፊታቸው ተፈታ። «ሞላላ ናት። ወደ ግራ አዘንብሎባታል። ትራፓኖ ሲይዝ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነብል ነበር፤ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ! ሞርዷታል ደግሞ፣ እዪ። አልረሳም።»

ሰኢድ አየኝ። ትናንት ጠዋት ሊጠራን ግቢያችን ሲመጣ መኪናው ሥር የፈሰሰውን የብረት ፍቅፋቂ አይቷል፣ ያውቃል። አንተንም እኔንም ትራፓኖ ያስያዙን እሳቸው ናቸው፤ የሁለታችንም እጅ የሚያጠፋው አንድ ዓይነት ነው። «እኔ ነኝ ጋሼ» ማለት ነበረብኝ። ኪያቤ በእጄ ይዤ ቆሜ አፌን ከፈትኩ።

«አዎ፣ አልረሳም» አልኳቸው።

ከዚያ ኮምባይነሩ ሥር ገባሁ። ሥራው ረጅም ነበር። ሰኢድ «ጋሼ፣ ፀሐይ ላይ ነዎት፣ ጥላ ውስጥ ይግቡ» ሲላቸው ከታች ሆኜ እሰማለሁ። «እዚሁ ደህና ነኝ» ይሉታል። ጨርሼ እጄን እየጠረግኩ ስወጣ ጣታቸው ቀዳዳዋ ውስጥ ነበር።

እንዳትነግራቸው።

እህትህ ውድነሽ